ቁርጡን ንገሩን፤ ለጋዜጣና መጽሔት አሳታሚዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በአገራችን ጋዜጣና መጽሔት ለምታሳትሙ ባለቤቶችና ለዋና አዘጋጆች በሙሉ

የተከበራችሁ አሳታሚዎችና አዘጋጆች፣

ጥር 2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ፣ ስድስታችንም የምንጽፍለት አንድ መጽሔት በቴሌግራም አጭር መልእክት ላከልን። "ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ለውጭ ጸሐፊዎች ክፍያ የለም። ስማችሁና ፎቷችሁ ግን ይወጣል" ይላል፤ የውጭ ጸሐፊ ያለው ቋሚ ሠራተኛ ሳንሆን የምንጽፈውን ነው። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለበትም። ታትሞ ያልተከፈለን ጽሑፍ ምን ይሆናል? እጃቸው ላይ ያለው፣ ገና ያልወጣውስ? ደወልን፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። ሁለታችን ቢሮ ድረስ ሄድን። "አዘጋጁ ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። ሁለት ሰዓት ጠብቀን ተመለስን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ለዚያ መጽሔት ብቻ አይደለም፤ ስሙንም አንጠራም። መልእክቱ በደረሰን ሳምንት አምስታችን አራት ኪሎ አንድ ሻይ ቤት ተገናኘን። ስድስተኛዋ ከሪያድ በስልክ ገባች። አንዱ ሌላ አሳታሚ ቤት የደረሰበትን ሲያነሳ ሌላው "እኔም ጋ ያው ነው" ይላል። የቤቱ ስም ይለያያል እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። ስለዚህ ለሁላችሁም ለመጻፍ ተስማማን።

ማን እንደሆንን እንንገራችሁ። አንዷ ነርስ ናት፤ ስለ ጤና ትጽፋለች። አንዱ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነው። አንዱ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ናቸው። የሪያዷ እህታችን በሰው ቤት ትሠራለች፤ ቤቱ ሲተኛ በስልኳ ትጽፋለች። አንዱ ከጋዜጣ ቤት ለቅቆ አሁን በጽሑፍ ብቻ የሚተዳደር ወጣት ነው። እኔ ደግሞ ላለፉት 14 ዓመታት የጉዞና የባህል ጽሑፍ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ማናችንም የእናንተ ቋሚ ሠራተኞች አይደለንም። ደመወዝ የለንም፣ መታወቂያ የለንም፣ ወንበርም የለንም። ግን የጤናውን፣ የታሪኩን፣ የጉዞውን ዓምድ ገልጣችሁ የማን እንደሆነ እዩት። እኛና እኛን የመሰሉ ሰዎች የጻፍነው ነው።

ከዝምታችሁ ልጀምር። ከገንዘቡ ይልቅ የሚጎዳን እሱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ስለ ኢራንቡቲ ጥምቀት ጻፍኩ። ኢራንቡቲ ሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ ነው። 44 ታቦታት በአንድ ስፍራ የሚያድሩበት ቦታ ነው። ስለ ጃን ሜዳና ስለ ጎንደሩ የፋሲለደስ መዋኛ በየዓመቱ ይጻፋል። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ደግሞ የሁለቱ ፎቶ ያልወጣበት መጽሔት የለም። የኢራንቡቲን ግን የጻፈው ጥቂት ሰው ነው። በሁለት የተለያዩ ዓመታት ሄጄ አደርኩ። ካህናቱን አነጋገርኩ። ታቦቱን አጅበው ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ከመጡ ሽማግሌዎች ጋር ሌሊቱን ተቀመጥኩ። ለጥር እትም እንዲደርስ ብዬ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ላክሁት።

መልስ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠየቅሁ። "ደርሶናል፣ እያየነው ነው" ተባልኩ። ጥር ገባ፣ እትሙ ወጣ፣ የእኔ ጽሑፍ የለም። የጥምቀት ጽሑፍ በየካቲት ለማን ይሰጣል?

እዚህ ላይ አንባቢ ላያውቀው የሚችል፣ እናንተ ግን በደንብ የምታውቁት ነገር አለ። አንድ ጽሑፍ ለሁለት ቤት አይላክም። ይህ ያልተጻፈ ሕግ ነው፤ እኛም እናከብረዋለን። አንድ ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ቢወጣ የሚጠፋው የእኛ ስም ነው። ስለዚህ "እያየነው ነው" የሚለው ቃል ለእኛ መቆለፊያ ነው። እናንተ እስክትመልሱ ድረስ ጽሑፉ ታስሮ ይቀመጣል። "አይሆነንም" ብትሉን በማግስቱ ሌላ በር እናንኳኳለን። አይሆንም መባል አይከፋንም። አሥራ አራት ዓመት ስጽፍ ስንት ጊዜ "አይሆንም" ተብያለሁ። አንዳንዶቹ "ይህ የሆነው መግቢያው ስለረዘመ ነው" ብለው አስተምረውኛል። እነዚያን አዘጋጆች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የሚገድለን ዝም መባል ነው።

ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ "አንድ ጥያቄ አለኝ" የሚል ዓምድ ነበረው። ሰው ከየጠቅላይ ግዛቱ በፖስታ ይጽፍለታል፣ እሱም ጥያቄውን እያነሳ ይመልሳል። የላኩለት ጸሐፊዎች አልነበሩም። ተማሪ ነበር፣ ወታደር ነበር፣ ገበሬ ነበር። ያ የቴምብርና የፖስታ ሳጥን ዘመን ነው። ዛሬ መልእክታችን በሰከንድ ይደርሳችኋል። እንዳነበባችሁት የሚያሳየውን ምልክት ሳይቀር እናየዋለን።

አሁን ወደ ክፍያው። ወረቀት ከውጭ በዶላር እንደሚመጣ እናውቃለን። የማተሚያ ቤት ዋጋ በየጊዜው እንደሚጨምር፣ ማስታወቂያ ሰጪው ወደ ቲክቶክና ወደ ዩቲዩብ እንደሸሸ እናያለን። አራት ኪሎና ፒያሳ ላይ አንድ ጋዜጣ በኪራይ ስንት ሰው ያነበው እንደነበርም እዚያው ተቀምጠን አንብበን ስላደግን እናውቃለን። ስለዚህ "አቅም የለንም" ብትሉ ይገባናል። ከመጻፋችን በፊት ብትነግሩን ማለት ነው። ያኔ በነፃ መስጠትም ሆነ አለመስጠት የእኛ ምርጫ ይሆናል። ያልገባን ካተማችሁ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ነው።

ከመካከላችን ወጣቱን ጸሐፊ ውሰዱ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አንድ ጋዜጣ ለአንድ ጽሑፍ 1,500 ብር እንደሚከፍለው በስልክ ነገረው። ጽሑፉ በዚያው ወር ወጣ። ገንዘቡ የገባለት በኅዳር 2017 ነው። በመካከሉ ሐምሌ መጣ፤ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ የነበረው ከመቶ አለፈ። የቤት ኪራዩ ጨመረ፣ ዘይቱ ጨመረ። ሰባት ወር የቆየው 1,500 ብር ግን ያው 1,500 ብር ሆኖ መጣለት። በእነዚያ ሰባት ወራት አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል። "ሰው እንደ ለማኝ ያየኛል" አለን። ይህን ሲናገር ሻይ ቤቱ ውስጥ ማናችንም ቀና አላልንም።

ነርሷ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የሦስት ጽሑፍ ክፍያ ተጠራቅሞላት 4,000 ብር ደረሰ። ልትወስድ ስትሄድ 2,800 ብር ሰጧት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላላቀረብሽ 30 በመቶ ተቆርጧል አሏት። ሕጉ እንደዚያ እንደሚል አሁን አውቃለች፤ በሕጉ ላይ ቅሬታ የላትም። ቅሬታዋ ሌላ ነው። ቲን ነምበር ነበራት! የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ አላት። የጠየቃት ሰው አልነበረም። አንድ መስመር መልእክት 1,200 ብሯን ያድንላት ነበር።

ከሁሉም የከበደን የሪያዷ እህታችን ጉዳይ ነው። በአሠሪዎች ቤት ስላለው ሕይወት ጻፈች። ማማረር ብቻ አልነበረም። ስለ ምግቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ቋንቋውን እንዴት እንደተማረች፣ በዓል ሲሆን እንዴት ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ቡና እንደምታፈላ ጻፈች። ስትልክ ከላይ በጉልህ "እባካችሁ በብዕር ስም ይውጣልኝ" ብላ የብዕር ስሟንም አስቀምጣ ነበር። ጽሑፉ በእውነተኛ ስሟ ወጣ። ከዚያም በፌስቡክ ገጻቸው ላይ ከስሟ ጋር ተለጠፈ። እዚያው ከተማ ያሉ የአገሯ ልጆች አይተው ደወሉላት። አሠሪዎቿ ጆሮ እንዳይደርስ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣች። እናቷ አገር ቤት ሆነው ከሰው ሰምተው አለቀሱ። መጽሔቱ ሲነገረው ከፌስቡኩ ላይ አነሳው። የታተመው ግን ታትሟል። ይቅርታ የሚል ቃል እስከ ዛሬ አልደረሳትም።

የብዕር ስም ለኛ አገር ጋዜጠኝነት አዲስ ነገር አይደለም። ጋዜጠኛው ሙሉጌታ ሉሌ ጦቢያ መጽሔት ላይ ጸጋዬ ገብረ መድህን አርአያ በሚል ስም ሲጽፍ አንባቢ ያንን ስም አምኖ እየገዛ ያነብ ነበር። ጸሐፊው የብዕር ስም የሚመርጥበት የራሱ ምክንያት አለው። ምክንያቱን መጠየቅ ትችላላችሁ። አናትምም ማለትም ትችላላችሁ። በራሳችሁ ፈቃድ ስሙን መግለጥ ግን አትችሉም።

ይህን የምንለው ከስሜት ተነስተን ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የጽሑፍ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው እንደተጻፈ ነው፤ ምዝገባ አያስፈልገውም። ጸሐፊው ስሙ እንዲጠቀስለት፣ ሳይጠቀስ እንዲቀር ወይም በብዕር ስም እንዲወጣለት የመጠየቅ መብት አለው። ክብሩን የሚነካ ለውጥ በሥራው ላይ ሲደረግ መቃወም ይችላል። የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ፣ ለሌላ የሚተላለፈው ደግሞ በጽሑፍ ነው። ስልክ ላይ "እሺ" በመባባል አይደለም።

አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት እናንሳ። አዋጁ እናንተንም ይጠቅማል። አሳታሚው አዝዞ ያስጻፈው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ ያዘዘው ወገን ነው። ጸሐፊው በራሱ ተነስቶ ጽፎ የላከው ግን የእሱ ነው። ታዲያ የትኛው ጽሑፍ የታዘዘ ነው? የትኛው በራሳችን የላክነው ነው? "እስቲ ስለዚህ ነገር አንድ ነገር ሞክር" ብላችሁ በስልክ ስትሉን ማዘዝ ነው? ይህን የሚለየው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ግን የለም። ወረቀቱ ባለመኖሩ የወጣቱ ጸሐፊ ሁለት ጽሑፎች አንድ የዩቲዩብ ቻናል ላይ በትረካ ተነብበዋል። ከታች የመጽሔቱ ስም አለ፣ የእሱ ስም የለም። የተፈቀደው በማን ነው? እኛም አናውቅም፣ መጽሔቱም "እኛ አልሰጠንም" ይላል።

ስለ እርማት የምንለው የታሪክ መምህሩን ጉዳይ ይዘን ነው። ስለ ወሎ ረሃብ ጻፈ። ደሴ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት አነጋግሮ፣ ሁለት ታናናሾቻቸውን የቀበሩበትን ጊዜ አስተርኳቸው ነበር። "በ1966" ብሎ ጻፈ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቱ ነው። አርታኢው ያለ ጥያቄ "እ.ኤ.አ." የሚል ጨመረበት። በአንድ ምልክት ታሪኩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። አብዮቱ ከፈነዳበት ዓመት ጋር ያለው ቁርኝት ተበጠሰ። የባሰው ደግሞ ስህተቱ ስህተት አይመስልም። ወሎ በ1958 ዓ.ም. ገደማም ሌላ ረሃብ አይቷል፤ እ.ኤ.አ. 1966 ማለት ያ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ አንባቢ ሳይቀር የዚያኛው ረሃብ መስሎት ያልፈዋል።

መጽሔቱ ደርሷቸው አንድ ልጅ ለእናቲቱ አነበበላቸው። ወደ መምህሩ አስደወሉ። "ልጄ፣ እኔ ይህን መቼ አልኩህ? የእኔን ሞት ለሌላ ዓመት ሰጠኸው" አሉት። መምህሩ ለመጽሔቱ ጻፈ። እርማት ይውጣልኝ አለ። "ትንሽ ነገር ናት፣ አንባቢ አያስተውላትም" ተባለ። እናቲቱ ግን አስተውለዋል። ድጋሚ ሊያነጋግራቸው ሲሄድ በር ከፍተው፣ ቡና አፍልተው፣ ስለዚያ ጉዳይ ግን ከእንግዲህ እንደማይናገሩ ነገሩት። እኛ የምንጽፈው ሰው አምኖን በሚነግረን ነው። እናንተ በአንድ ምልክት ያጠፋችሁትን እምነት እኛ ስንት ጊዜ ደጅ ጠንተን እንመልሰዋለን?

አርትዖት አንቃወምም። ያልታረመ ጽሑፍ ያልተፈተገ ገብስ ነው። ዓመት፣ ቁጥር፣ የሰው ስምና በጥቅስ ውስጥ ያለ ንግግር ሲነካ ግን ደውላችሁ ጠይቁን።

ደብዳቤ ስለማጣታችንም ባጭሩ እናንሳ። የግብርና ባለሙያው አንድ ወረዳ ሄደው አርሶ አደሮችን ሲያነጋግሩ "ከየት ነው የመጡት? ደብዳቤ አለዎት?" ተባሉ። ጽሑፉን ያዘዛቸው ጋዜጣ ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠይቀው "ለውጭ ጸሐፊ አንሰጥም" ተብለው ነበር። ግማሽ ቀን ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው፣ ያነሱትን ፎቶ አጥፍተው ተመለሱ። የ67 ዓመት ሰው ናቸው። ማህተም ያለባት ግማሽ ገጽ ምን ያህል ትከብዳለች?

የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ መውጣት የጀመረው በ1917 ዓ.ም. ነው። የዘመኑ የተማሩ ሰዎች ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ አስተዳደር ያላቸውን ሐሳብ እየጻፉ ይልኩለት ነበር። ዛሬ የዚያን ዘመን አስተሳሰብ የሚያጠኑ ሰዎች ገልጠው የሚያነቡት እነሱ የላኩትን ነው። ጋዜጣው ከጀመረ ዘንድሮ 100 ዓመቱ ነው። በዚሁ ዓመት ነው ያ የቴሌግራም መልእክት የደረሰን።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ጽሑፍ ሲደርሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንቀበላለን ወይም አንቀበልም በሉን። ምክንያት ባትጽፉም አናዝንም። ከ15 ቀን በኋላ መልስ ከሌለ ጽሑፉን ለሌላ ቤት የመስጠት ነፃነት እንዳለን እወቁልን፤ ይህንንም በግልጽ አሳውቁ።

ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት እንፈራረም። በቴሌግራም የተላከ ፎቶውም ለጊዜው ይበቃል። ስንት ይከፈላል? መቼ ይከፈላል? የሚቆረጥ ግብር ካለ ስንት ነው፣ ምን ሰነድ እናምጣ? በፌስቡክና በዩቲዩብ ይወጣል ወይ? በምን ስም? ጽሑፉ ታዝዞ ነው ወይስ በራሳችን የላክነው? ክፍያ ከሌለም "የለም" ተብሎ እዚያው ላይ ይጻፍ። ፈቃደኛ የሆነ ይጽፋል።

ስህተት ሲሠራ በሚቀጥለው እትም እርማት ይውጣ። ጽሑፍ አዝዛችሁን ወደ መስክ ስንወጣ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ስጡን።

ጥር ላይ መልእክት ለላከልን መጽሔት ደግሞ ለብቻው የምንለው አለን። ከመልእክቱ በፊት የታተሙት የስድስታችን ዘጠኝ ጽሑፎች በነበረው ስምምነት ይከፈሉ። ያልወጡትን አራት ጽሑፎች ለማተም ፈቃዳችንን እስክንሰጥ እንዳታወጧቸው፤ የማትፈልጓቸው ከሆነም መልሱልን። የእህታችንን ስም ያወጣው ቤትም ይህን ያነባል። በስልክም ቢሆን ይቅርታ ይበላት። ስልኳ አላችሁ።

እስከ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. መልሳችሁን እንጠብቃለን። ከማናችሁም ጋር ፊት ለፊት ለመነጋገር በማንኛውም ቀን ዝግጁ ነን። ቢሮ ካልተመቸ እኛ አራት ኪሎ ሻይ ቤቱ አለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ለጋዜጣና ለመጽሔት ከውጭ የሚጽፉ ስድስት ጸሐፊዎች፣
ስለ ሁሉም ሆኖ፦ የጉዞና የባህል ዓምድ ጸሐፊ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.